ከፊውዙ ጀርባ

ባሕሩ ዳር ያለው ቤት፣ መቶ ዓመት የቆመ፣
በጨው የነጣ ነው፣ በጉም የታመመ።
ሚስማሩ ይዝጋል፣ እንጨቱ ይላላል፣
ነፋስ ሲነካካው፣ ሽማግሌ ሆኖ ሌሊቱን ይስላል።
ኖቫ ስኮሺያ ነው፣ የአትላንቲክ ዳርቻ፤
ኢርማ ደወሉልኝ በኅዳር መባቻ።
«መብራቱ ይርገበገባል፣ ችግሩ እሱ ብቻ፤
ማብሪያውን ስነካም ጣቴን ይነዝረኛል፤
ከዚያ ውጪ ደኅና ነው፣ አርጅቶም ይሞቀኛል።»

እሱ ብቻ ይላሉ! ይሄን ቃል አውቃለሁ፤
ስንት የነደደ ጓዳ ገብቼ አመዱን ረግጫለሁ።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ከባሕር ሲመለስ
«ጨው አይተኛም» ይለኝ ነበር፣ ጀልባውን ሲያብስ።
ለወጥ የሚጣፍጠው፣ ዓሣ የሚያቆየው፣
ለሽቦ ግን ምስጥ ነው፤
ድምፅ ሳያሰማ መዳቡን የሚበላ፣
አረንጓዴ አቧራ አድርጎ የሚተወው ኋላ።

ጣራ ሥር ወጣሁኝ፣ በባትሪ፣ በጉልበቴ፤
የድሮ ዘመን ሽቦ ተዘረጋ ፊቴ፤
ነጫጭ የሸክላ እንክብል በየማገሩ ላይ፣
እንደ ወተት ጥርስ ተደርድሮ ሲታይ።
ጨርቅ ለብሷል ሽቦው፤ ጨርቁ ግን አርጅቷል፤
በጣቴ ብነካው እንደ ደረቅ ቅጠል እጄ ላይ ረግፏል።
የምድር መስመር የለ። ቢያመልጥ ኮረንቲው
የነካው ሰው ነው መንገዱ፤ እግሩ ነው መውጪያው።

ምድር ቤት ወረድኩኝ። በድንች ጆንያና በማርማላታ ጠርሙስ መሀል
አራት ፊውዝ ያለው የብረት ሳጥን፣ በሩን ዝገት ይዞታል።
ሦስቱን ፈታኋቸው። አራተኛው ሲወጣ
ሳንቲም ነው ከጀርባው ዱብ ብሎ የመጣ።

የመዳብ ሳንቲም፤ ጠቁሯል፣ ጠርዙ ቀልጧል።

ፊውዝ ሥራው መሞት ነው፣ ቤቱ ይኑር ብሎ፤
ሳንቲም ግን አይሞትም፤ እሳቱን ይሸኛል ግድግዳ ውስጥ ጥሎ።

ኢርማ ደረጃው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤
መዳፋቸው ላይ አኖርኩት፤ ቃል አላወጡ።
ቆይተው «ኤልዉድ ነው» አሉ። «ያን ክረምት፣ በዚያ ብርድ፣
ሱቁ በበረዶ ተዘግቶ፣ ሕፃኗ ስትንቀጠቀጥ፣ ማሞቂያው እንዲነድ፣
ኪሱ ውስጥ የነበረው ይሄ ነው። ነገ እቀይረዋለሁ አለ።»
ነገው ሠላሳ ስምንት ዓመት ዋለ፣ አደረ፣ ዋለ።

ፍቅር ነው እንግዲህ። ፍቅርም ቤት ያቃጥላል።
ይሄን ግን አላልኩም፤ በሐዘን ላይ ስንት ይጨመራል?

ዋጋውን ስነግራቸው መስኮቱን አዩና
«ጀልባው ይሸጥ» አሉኝ። «ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ማንን ይጠብቃል? ይሂድ በደኅና።»

አምስት ቀን ሠራሁ። አሮጌውን ሽቦ እንደ አንጀት ጎተትኩት፤
ሽፋን ባለው አዲስ፣ ክፍል በክፍል ተካሁት።
የመዳብ ዘንግ ቀበርኩ፣ ካጥሩ ሥር፣ አጥልቄ፤
ኮረንቲው ቢያብድ እንኳ አፈር ይግባ ብዬ፣ ከሰው ገላ አርቄ።
ለመታጠቢያ ቤቱ፣ ለወጥ ቤቱ ገንዳ
ውኃ ሲሸተው በዓይን ጥቅሻ የሚቆርጥ ሶኬት፣ ቁጡ እንግዳ።
የውጪውን ሳጥን በፕላስቲክ ለወጥኩት፤
ጨው ጥርሱን ይስበር፣ መጥቶ ይሞክረው ብዬ ተውኩት።
የብሬከሮቹን ስም በእርሳስ ጻፍኩ፤ መኝታ ቤት፣ ጓዳ፣ በረንዳ፤
አንዷን ባዶ ተውኳት። ምን እንደሚመጣ ማን ያውቃል፣ ማን ይረዳ።

በጥር፣ ማዕበሉ መንገዱን በቆረጠ ማግሥት፣ ደወሉ።
«ምን ተበላሸ?» አልኩ፣ ጫማዬን እየፈለግሁ። «ምንም» አሉ።
«አይርገበገብም። አይነዝርም። ሌሊቱን ሙሉ ቀጥ ብሎ ይበራል።»
ዝም አሉ። ከስልኩ ወዲያ ባሕሩ ይሰማል።
«ያቺ ብልጭ ድርግም የምትለው፣ የኮሪደሯ፣ ማታ ማታ...
ሞኝ ነኝ መቼም።
እሱ ከውጪ ገብቶ ኮቱን የሚሰቅል ይመስለኝ ነበር።»